ለኮንቴይነር ባለሙያችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው፤ ጥቆማም አለበት። ዶከር፣ ኩበርኔትስ፣ ፖርቴይነር የሚባሉትን የምታስተዳድሩ ወይም ሥራችሁ በእነሱ ላይ የተመሠረተ ሰዎች እስከ ታች አንብቡልኝ።

ነገሩ አዲስ ለሚሆንባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ታሽጎ ሌላ ሰርቨር ላይም እንዳለ እንዲነሳ የሚያደርግ አሠራር ነው። ዶከር በ2013 ሲወጣ ይህን አሠራር ለብዙ ሰው ቀላል አደረገው። በ2014 ደግሞ ጉግል ኩበርኔትስን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀ። ኮንቴይነሮች ሲበዙ የትኛው በየትኛው ሰርቨር ላይ ይሂድ፣ የወደቀውን ማን ያንሳው የሚለውን የሚመራው እሱ ነው። ሲሠራ ደስ ይላል። ሲታመም ግን በሽታውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህን ሙያ በሚገባ የያዘች ሰው አግኝተናል። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በአደባባይ መጠራት አትወድም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ምን እንደሠራችልን ስሙኝ።

እኛ የምናስተዳድረው የቀጠሮ መያዣ ሥርዓት ነው። ሰው ይገባል፣ ቀን ይመርጣል፣ ማረጋገጫ ይደርሰዋል። ከጀርባ ያለው ኩበርኔትስ ነው። ዋናው አገልግሎት በድንገት መውደቅ ጀመረ። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ስክሪኑ ላይ «ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ» የሚል ጽሑፍ ተገትሯል። ይህንን ያየ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል። ኩበርኔትስ የወደቀውን ኮንቴይነር መልሶ ከማስነሳቱ በፊት መጀመሪያ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ 20፣ ከዚያ 40 እያለ እስከ 5 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ችግሩ በቆየ ቁጥር አገልግሎቱ የሚጠፋበት ጊዜም ይረዝማል። ቀጠሮ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።

ከእሷ በፊት ያየልን ባለሙያ የመውጫ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲቆም የሚተወውን ቁጥር፣ ተመለከተ። 137 ይላል። «ሜሞሪ አንሶታል» አለና ራም ጨመረ። ለውጥ የለም። አሁንም ጨመረ። ያው በገሌ።

እሷ ስትመጣ ያለችው የመጀመሪያ ነገር «እባካችሁ ምንም አትንኩ» ነው። ለምን እንደሆነም ነገረችን። ኩበርኔትስ የክስተት መዝገቡን፣ እነሱ ኢቨንት የሚሉትን፣ ካልተቀየረ በቀር ለ1 ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየው። ፖዱን (ኩበርኔትስ ኮንቴይነሩን የሚያስቀምጥበትን ማቀፊያ) አጥፍታችሁ አዲስ ስታስነሱ ደግሞ የወደቀው ኮንቴይነር ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የጻፈው መዝገብ፣ አብሮ ይሄዳል። በጭንቀት ሪስታርት የሚያደርግ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል ማለት ነው። እሷ መጀመሪያ ኢቨንቱን ወደ ፋይል ገለበጠች። ቀጥላ የቀደመውን ኮንቴይነር ሎግ አወጣች፤ ለዚህ «ፕሪቪየስ» የሚል አማራጭ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመረችው።

ማንበብ ስል እውነት ማንበብ ነው። ወንበሯን ሳብ አድርጋ የፖዱን ሁኔታ የሚዘረዝረውን የዲስክራይብ ትዕዛዝ ውጤት ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ሄደችበት። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና ጠራችን። «እዚህ ጋ ተመልከቱ፣ ምክንያት የሚለው ላይ ኦኦኤም ኪልድ አይልም። ኤረር ነው የሚለው።» ሜሞሪ አልቆበት ተገድሎ ቢሆን ኦኦኤም ኪልድ የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኝ ነበር። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው። 9 ደግሞ ሲግኪል የሚባለው በግድ የመግደያ ምልክት ነው። ቁጥሩ መገደሉን ይናገራል፤ ገዳዩን አይናገርም።

ገዳዩ ታች ኢቨንቱ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ሊቭነስ ፕሮብ ነው። ይህ ኩበርኔትስ «አለህ ወይ?» እያለ ፕሮግራሙን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። ካልተቀየረ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1 ሰከንድ ይሰጣል፣ ተከታትሎ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ኮንቴይነሩን ያስወግዳል። የእኛ ፕሮግራም ሲነሳ ያሉትን ቀጠሮዎች በሙሉ ያነባል። ቀጠሮዎቹ እየበዙ ሲሄዱ መነሻው ጊዜ ረዘመ፤ ግማሽ ደቂቃ አልበቃው አለ። ገና ተነስቶ ሳይጨርስ ይጠየቃል፣ አይመልስም፣ ይገደላል። እንደገና ይነሳል፣ ያው ታሪክ። ራም ቢጨመርለት ምን ይሠራለታል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሷ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። ኩበርኔትስ ኮንቴይነርን ሲያስወግድ መጀመሪያ የሚልከው ሲግተርም የሚባለውን የጨዋ ምልክት ነው፤ «ሥራህን ጨርስና ውጣ» እንደማለት። ካልወጣ ነው 30 ሰከንድ ጠብቆ በግድ የሚገድለው። ታዲያ የእኛው ለምን በጨዋ ደንብ አይወጣም? ኢሜጁን፣ ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የታሸገ ፋይል፣ ከፍታ የማስነሻ ስክሪፕቱን አየች። ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው በሼል፣ ትዕዛዝ ተቀብሎ በሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም፣ በኩል ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ 1 ቁጥር (የመጀመሪያው) ፕሮግራም ሆኖ የተቀመጠው ሼሉ ስለሆነ ምልክቱ ለእሱ ይደርሳል፤ እሱም ለፕሮግራሙ አያስተላልፍም። ፕሮግራሙ ውጣ መባሉን ሳያውቅ በግድ ይገደላል። ይህ ከመውደቁም ሌላ ጣጣ ነበረው። አዲስ ስሪት በጫንን ቁጥር በመሐል የነበሩ ሰዎች ቀጠሮ ሳይመዘገብ ይቋረጥ ነበር፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁለት ትንንሽ ለውጥ ሆነ። ስታርትአፕ ፕሮብ ጨመረች፣ በየ10 ሰከንዱ እስከ 30 ጊዜ እንዲጠይቅ። ይህ ለመነሻ እስከ 5 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ እሱ እስኪያልፍ ሊቭነሱ አይጀምርም። ስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ከማስነሻው ትዕዛዝ ፊት «ኤግዜክ» የሚል አንድ ቃል አስገባች። ሼሉ ቦታውን ለፕሮግራሙ ለቀቀ። አገልግሎቱ ተነሳ፣ ዳግምም አልወደቀም። በከንቱ የተጨመረውን ራምም መልሳ ቀነሰችው። ይህቺን ሥራ ማንም አላዘዛትም።

እውነቱን ለመናገር ምስጋናዬ ለጥገናው ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ልትሄድ ስትል «አንዴ ክላስተሩን በአጠቃላይ ልየው?» አለች። ክላስተር ማለት በኩበርኔትስ ሥር አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች ስብስብ ነው። ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው ሰርተፍኬቶች የሚያበቁበትን ቀን የሚያሳየውን ትዕዛዝ አስኬደች። ክላስተሩ የተተከለው ኩብአድም በሚባል የኩበርኔትስ መትከያ መሣሪያ ነው። ኩብአድም የሚሰጣቸው ሰርተፍኬቶች የሚያገለግሉት ለ1 ዓመት ነው፤ ሌሎቹን የሚፈርመው የሥሩ ሰርተፍኬት ብቻ ለ10 ዓመት። ኩበርኔትስን በየጊዜው የሚያሻሽል ሰው ማሻሻሉ ራሱ ሰርተፍኬቱን ስለሚያድስለት ይህን ችግር ላያየው ይችላል። የእኛን ግን ተክሎልን የሄደው ድርጅት ስለዚህ አንድም ቃል አልነገረንም፤ ቀኑም ተቃርቦ ነበር። ቢያልፍ ኖሮ ክላስተሩን ማዘዝ ራሱ አይቻልም ነበር። ሁሉም በር በአንድ ቀን ይዘጋል።

ከማደሷ በፊት የኢቲሲዲን ስናፕሾት (የዚያን ጊዜ ቅጂ) ወሰደች። ኢቲሲዲ የክላስተሩ ሁኔታ በሙሉ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ነው። ከዚያ አደሰች፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሪስታርት አደረገች፤ አዲሱን ሰርተፍኬት የሚያነቡት እንደገና ሲነሱ ነውና። ላፕቶፓችን ላይ ያለውንም የመግቢያ ፋይል በአዲሱ ቀየረችልን። ስናፕሾቱን ደግሞ ወስዳ ዝም አላለችም። በሌላ የሙከራ ማሽን ላይ መልሳ አስነስታ አሳየችን። ስናፕሾቱ የክላስተሩን አወቃቀር እንጂ ቮልዩም (ፕሮግራሞቹ መረጃ የሚያስቀምጡበት ቦታ) ላይ ያለውን የሰው መረጃ እንደማይዝ ያወቅነውም ያኔ ነው። ለቀጠሮዎቹ መረጃ ሌላ ባክአፕ አዘጋጀች፣ እሱንም መልሳ ሞከረችው።

ቀጥለን ሌላ ሥራ ሰጠናት። ለውስጥ አገልግሎት የሚውሉ ጥቂት ፕሮግራሞች በአንድ ሰርቨር ላይ እንዲተከሉ ፈልገን ነበር። «እዚህም ኩበርኔትስ ትከይልን» አልናት። «ለዚህ አያስፈልጋችሁም» አለች። አንድ ሰርቨር፣ ጥቂት ኮንቴይነር፣ የሚጠብቀው አንድ ሰው። በአንድ ፋይል ብዙ ኮንቴይነር የሚያስነሳው ዶከር ኮምፖዝ ይበቃል፣ ኮንቴይነሮቹን በብራውዘር ለማየትና ለማስተዳደር ፖርቴይነር ይጨመርበት። ለራሷ የሚተርፈውን ትልቁን ሥራ ትታ ትንሹን መረጠችልን። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ሲገኝ መመስገን አለበት፤ ዝም ማለት ነውር ነው።

ተከላው ላይ ያየኋቸው አንዳንድ ነገሮች ለእናንተም ይጠቅማሉ። ፖርቴይነር መጀመሪያ ሲነሳ የአስተዳዳሪውን መግቢያ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልፈጠራችሁ ለደኅንነት ሲል ራሱን ይዘጋል፤ ሪስታርት ማድረግ ነው። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ፖርቴይነር የሚሠራው የዶከርን ሶኬት፣ ዶከር ትዕዛዝ የሚቀበልበትን በር፣ ይዞ ነው። ያንን ሶኬት የያዘ ሰው ሰርቨሩን በሩት፣ ማለትም በሙሉ፣ ሥልጣን እንደያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ገጹን ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት አለችን፤ የእኛን ከውስጥ ኔትወርክ ብቻ እንዲከፈት አድርጋዋለች።

ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አሳየችን፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። ዶከር ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ) ሲከፍት የራሱን ሕግ በቀጥታ አይፒቴብልስ በሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ውስጥ ያስገባል። ዩኤፍደብሊው በሚባለው የፋየርዎል ማስተካከያ ዘግቼዋለሁ ያላችሁት ፖርት ከውጭ ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እሷ ከሌላ ኔትወርክ ሆና እየሞከረች ነው ያረጋገጠችው። ከሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉትን 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ላይ አሰረቻቸው።

የሎግ ነገርም አለ። ዶከር ካልነገሩት በቀር የኮንቴይነር ሎግን መጠን አይገድብም፤ ዲስኩ እስኪሞላ ይጽፋል። እሷ ከመጀመሪያው ገደብ አበጀችለት። ሌላ ሰርቨራችን ላይም ይህንኑ ስታስተካክል፣ ገደቡ የሚሠራው ከለውጡ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ስለሆነ የነበሩትን አፍርሳ እንደ አዲስ ፈጠረቻቸው። ሪስታርት ብቻ አይበቃም።

ከተከላው በኋላ ያለው ድጋፏስ? ስትደውሉላት ሁልጊዜ አታነሳም። ካላነሳች ግን መልሳ ትደውላለች። ከሩቅ ሆና ስትሠራ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከማስኬዷ በፊት «አሁን ይህን ላደርግ ነው፣ ይህ ይለወጣል» ትላለች። የሚያጠፋ ትዕዛዝ ከሆነ እሺ ሳትባል አትነካም። አንድ ባልደረባችን ዲስክ ለማስለቀቅ የዶከርን ማጽጃ ትዕዛዝ ከነቮልዩሙ ሊያስኬድ ሲል በስልክ ያስቆመችው እሷ ናት። የትኛው ቮልዩም የማን እንደሆነ አብረው ካዩ በኋላ የማይፈለጉትን ኢሜጆች ብቻ አስወገዱ፤ ቦታው በቃ። ሥራዋን ስትጨርስም ምን እንደነበር፣ ምን እንደቀየረች፣ ቢመለስ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ በአማርኛ ጽፋ ትሰጣለች። ጽሑፏን ይዘው ልጆቻችን ብዙ ነገር ያለ እሷ መፍታት ጀምረዋል።

የማይስማማችሁ ነገርም ሊኖር ይችላል፣ ልንገራችሁ። «ዝም ብለሽ አስነሺው» የምትሉ ከሆነ ከእሷ ጋር አትግባቡም። ጥያቄ ታበዛለች። የፕሮግራሙን ኮድ አትነካም፤ ችግሩ ኮዱ ውስጥ ከሆነ ማስረጃውን ይዛ ለሠሪዎቹ ታስረክባለች። ኩበርኔትስን ከአሮጌ ስሪት ለማሻሻል ከፈለጋችሁም ደረጃ አትዘልም፤ አንድ አንድ እያለች ነው የምትወጣው። መንገዱ ራሱ የሚጠይቀው እንደዚያ ስለሆነ ትክክል ናት፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። በዕቅዳችሁ ያዙት።

እህታችን፣ ይህን ካነበብሽ ከመላው ቡድናችን ከልብ እናመሰግናለን። እጅሽ ይባረክ፣ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ።

ልታገኟት የምትፈልጉ፣ ከመደወላችሁ በፊት የዶከራችሁን ወይም የኩበርኔትሳችሁን ስሪት ቁጥር፣ ማን በምን እንደተከለው፣ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደተቀየረ ጽፋችሁ ያዙ። ኢቨንቱንና ሎጉን ወደ ፋይል ገልብጡ። እስክትደርስላችሁም ሪስታርት አታድርጉ።