ኮቱን ገልብጠው ባለቤቱን ያነበቡ ልብስ ሰፊ

በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለ ሙሉ ልብስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጽሑፌን አምነው የሚሄዱ ሰዎች ኋላ እንዳይወቅሱኝ ነው። የሰርጉ ቀን የተቆረጠ ሙሽራ ሌላ ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል። ጊዜ ያለው፣ ትከሻው ያልተስተካከለ ወይም በልብሱ ውስጥ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ግን ይከተለኝ።

እኔ ሦስቱንም አሟላለሁ። የምተዳደረው በምትሃት ነው። ልደት፣ መልስ፣ የትምህርት ቤት መዝጊያ፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ የጠሩኝ ቦታ ሁሉ ካርታና ሳንቲሜን ይዤ እሄዳለሁ። አስተዋዋቂዎች "አስማተኛው!" ብለው ሲጠሩኝ ፈገግ ብዬ እወጣለሁ፤ እናቴ ግን ቃሉ ቤቷ ውስጥ እንዲነሣ አትፈልግም። የንስሐ አባቷ ስለ ሥራዬ ሲጠይቋት "መዝናኛ ላይ ነው" ትላቸዋለች። አንድ ቀን፣ አስማት ማለት እኮ በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፣ "ስሞች" ማለት ብቻ ነው ብዬ ላግባባት ሞከርኩ። "የማን ስሞች?" አለችኝ። ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ።

አዲስ ልብስ ያስፈለገኝ የድሮው ኮት አንድ መልስ ላይ ስላዋረደኝ ነው። የምሠራበት ሳንቲም አክስቴ ከዋሽንግተን የላከችልኝ የአሜሪካ ግማሽ ዶላር ነው። ስፋቱ ከ30 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ስላለው መዳፍ ውስጥ ነክሶ ይቀመጣል። የእኛ የአንድ ብር ሳንቲም ለዚህ ሥራ ያንሳል። የዚያን ዕለት ሳንቲሙን አጠፋሁት፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ ባዶ መሆናቸውን አሳየሁ፤ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ፣ የጠፋው ሳንቲም በገበሩ ቀዳዳ ሾልኮ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ወድቆ እዚያው ቢቀር ባልከፋ፤ ተንከባሎ ተንከባሎ ከሙሽራው አያት ጫማ ሥር ሄዶ ተኛ። አዛውንቷ ጎንበስ ብለው አነሡትና በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፣ ወደቀብህ" አሉኝ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ አየ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ነው ጋሼ ዘንድ የሄድኩት። ስማቸውን አልጽፍም፤ "ሰው ከበዛብኝ ሰባቱ ሳምንት አሥራ አራት ይሆናል" ብለው ከልክለውኛል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ እዚያ ይሰፉ ነበር፤ አሁን ያሉት ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ ነው። ፒያሳ ልብስ ያሰፋ የነበረ ሰው ጠይቆ ያገኛቸዋል። ቤቱ አንድ ክፍል ናት። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የከሰል ካውያ፣ ልብስ መቀየሪያ ተብሎ የተሰቀለ የአልጋ ልብስ አለ። መስታወቱ ከመሃል የተሰነጠቀ ስለሆነ ሰው ራሱን የሚያየው በሁለት ቁራጭ ነው።

ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ሲያዩኝ የሚያነሡት ሜትር ነው። ጋሼ ግን የድሮውን ኮት እንዳወልቅ ጠየቁኝና ገለበጡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገበሩን ወደ አምፖሉ አስጠጉ። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን እየዳሰሱ ከብብት እስከ ጫፍ ወረዱ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ገና አልነገርኳቸውም።

"በቀኝህ ታሳያለህ፣ በግራህ ታስገባለህ" አሉ።

ዝም አልኩ።

"እዚህ ጋ የሳሳው ሁለት ጣት ያህል ነው። ሙሉ እጅ አይገባም። ኪስህ ውስጥ እንደ ሰው ገብተህ አትወጣም፤ ትነካካለህ እንጂ።" ከዚያ የግራውን ብብት ወደ እኔ አዞሩ። ጥቁሩ ገበር ላይ ነጭ የላብ ካርታ ደርቆበታል። "ይኼ የጨው ነው። የቀኙ ግን ንጹሕ ነው። አንድ ብብት ብቻ የሚያልበው ሰው አይቼ አላውቅም።"

አዳራሹ ይሞቃል አልኳቸው። አዳራሹ በግራ በኩል ብቻ ይሞቃል ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ጣታቸው ግን እየወረደ ሄዶ ከወገቤ በላይ ያለች አንዲት ኪስ ላይ ቆመ። እኔው ራሴ በእጄ የሰፋኋት ናት። "ይህቺስ? አፏ እንደተሰፋች ቀን ነው ያለችው። ሠራሃትና ፈራሃት?"

በመስታወት ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ተለማምጄ፣ በሰው ፊት ግን አንድ ቀን ያልደፈርኩት ሥራ አለ። ምን እንደሆነ እዚህም አልናገርም። ኪሷ የእሱ ናት። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬአት አላውቅም፤ የማያውቁኝ ሰው ከገበር ላይ አነበቡት።

ስለዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚያስበው እጅ ፈጣን መሆን እንዳለበት ነው። ፍጥነት ብዙም አይፈይድም። ችግሩ የደበቀ እጅ የሚሞት መሆኑ ነው። ሳንቲም የያዘው መዳፍ ይደነዝዛል፤ ጣቶቹ እንደታመመ ሰው ጣት ይሆናሉ፤ ክርን ወደ ጎድን ይጣበቃል፤ ዓይን ደግሞ ማየት የሌለበትን ቦታ ካላየሁ ይላል። ተመልካቹ ሳንቲሙን ባያይ እንኳ ሌባውን ያያል። እኔ መድረክ ላይ ስስቅ ውስጤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚመላለሰው፦ አሁን አዩኝ፣ አሁን አዩኝ። ጋሼ ልክ ሲወስዱኝ አንድ ሳንቲም ደብቄ እንድሄድ አዘዙኝ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ "ዶሮ ሰርቀህ ብብትህ ውስጥ የያዝክ ነው የምትመስለው" አሉኝ።

መፍትሔያቸው የእጅጌው መግቢያ ላይ ነበር። እኔ የፈለግኩት ሰፊ እንዲሆን ነው፤ ሰፊ ከሆነ እጄ እንደልቡ ይሄዳል ብዬ። ጋሼ ተቃራኒውን አደረጉ። አጥብበው ወደ ብብት አስጠግተው ቆረጡት። ሰፊ የሆነ እንደሆነ ክንድ ሲነሣ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፣ ኮሌታው ከአንገት ይለቃል፣ በውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይናወጣል። ጠባቡ ግን እጅጌውን ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ኮቱ በቦታው ይቀራል። አላመንኳቸውም ነበር። ለብሼ ሁለት እጄን ወደ ጣሪያው ሳነሣ ኮቱ ንቅንቅ አላለም። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ እንደሚያንስም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ በግራ በኩል ወፈር ያለ መደገፊያ አስገቡበትና "እኔም ያንተው ሙያ ነኝ፣ ጎባጣውን ቀጥ ያለ አስመስላለሁ" አሉ።

ስለ ኪሶቹ የምችለውን ያህል ብቻ ልናገር። አምስት ናቸው። ውስጣቸው የሚያንሸራትት ጨርቅ ሳይሆን ጥጥ ነው፣ ሳንቲም ሲነካው ድምፅ እንዳያወጣ። አፋቸው ጋደል ያለ ስለሆነ ጣት ሳይፈልግ ያገኛቸዋል። አንዷ የተለካችው ለታጠፈ ባለ 200 ብር ኖት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ገንዘቡ ሲቀየር ለዓመታት ያዘጋጀኋቸው የድሮ ባለ 100 ብሮች በአንድ ጊዜ ዋጋ አጡብኝ፤ አገሩ ሁሉ ባንክ ሲሰለፍ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሥራዬን እንደ አዲስ እለማመድ ነበር።

ሰባቱ ሳምንት ለወሬ በቂ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ሲሰፉ ስለ ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ስለ ሮቤር ኡዳን አጫወትኳቸው። ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ ፓሌ ሮያል ውስጥ የራሱን ትንሽ ቲያትር ከፈተ። ከእሱ በፊት ከነበሩት ብዙዎቹ ረጅም ቀሚስና ሹል ቆብ አድርገው ጠንቋይ መስለው ነበር የሚወጡት። እሱ ግን ተመልካቾቹ ራሳቸው ለማታ ግብዣ የሚለብሱትን ዓይነት ጥቁር ኮት ለብሶ ፊታቸው ቆመ። ጭራው ውስጥ ድብቅ ኪሶች ነበሩት፤ እጁን ዘና አድርጎ ሲያወርድ ጣቱ የሚደርስባቸው። የሙያችን አባት የሚባለው እሱ ነው አልኳቸው።

"ሰፊውስ ማን ነበር?" አሉኝ።

ዝም ስል "አየህ?" ብለው ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡት።

ሌላውን ታሪክ ግን አልነገርኳቸውም። ቶሚ ኩፐር የሚባል ብሪታኒያዊ ምትሃተኛ ነበር፤ ሥራው ሁሉ እየተበላሸበት በማስመሰል ሰው ያስቃል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1984 ለንደን ውስጥ በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ረዳቱ ካባ አልብሳው ከሄደች በኋላ ወደ ኋላው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ሰውየው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዞት እየሞተ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ኮቱን ሲያለብሱኝ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። እኔ ስሳሳት ሰው ያዝንልኛል፤ እሱ ሲሞት ሳቁለት። የትኛው እንደሚብስ ሳስብ አመሻለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጋሼ ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ድምፃቸው ትልቅ ነው። ሦስት ሚዜዎች ተሰልፈው ባሉበት "የሳንቲሟን ኪስ ወደ ታች ላውርዳት?" ብለው ጮኹ። ሚዜዎቹ ተያዩ። "ለታክሲ ዝርዝር የምይዝባት ናት" አልኳቸው። የሙያ ምሥጢር ያለው ሰው ማልዶ ይሂድ። የቀኙ የውስጥ ኪስ መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ ተሰፍቶ እንደገና መመለስ ነበረብኝ። ከእጅጌው ቁልፎች አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ረገፈ። የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ስፌቱ 8,500 ብር፣ ግማሹ ቀብድ፣ ጨርቁ ግን የእኔ፣ ከመርካቶ የገዛሁት። ውድ ነው? ነው። ከዚህ በፊት በግማሽ ዋጋ ያሰፋሁት ልብስ ግን አንድ መልስ ሙሉ ዋጋ አስከፍሎኛል።

መጀመሪያ የለበስኩት አንድ ትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ ነው። ልጆች ከአዋቂ ይከብዳሉ፤ አዋቂ ዓይንህ ያየበትን ያያል፣ ልጅ ግን ወደፈለገው ነው የሚያየው። ከፊት የተቀመጠ ጥርሱ የወላለቀ ልጅ ገና ስጀምር "ጋሼ፣ ኮትህ ውስጥ ነው!" አለ። በድሮው ኮት ቢሆን አፌ ይደርቅ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን በሁለት እጄ ከፍቼ አሳየሁት። ጥቁር ገበር፣ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ምንም የለም። ልጁ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና "እጅጌህስ?" አለ።

ሥራው አንድም ሳይበላሽ አለቀ። ግራ ብብቴ ግን እንደ ድሮው አልቦታል። እስከዚያ ቀን ጥፋቱን ሁሉ በኮቱ አሳብብ ነበር፤ አሁን የማሳብብበት ልብስ የለኝም።

ዕቃዬን ስሰበስብ አንዲት ወላጅ ጠጋ ብላ የጠፋ ወርቋን እንዳገኝላት በሹክሹክታ ለመነችኝ። "እህቴ፣ ይኼ ጨዋታ ነው፤ የማውቀው ምንም የለም" አልኳት። ዙሪያዋን ቃኘችና "ገባኝ፤ እዚህ አይነገርም" ብላ ስልኳን ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከተትኩት፤ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደሆነ ለማስታወስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አምስተኛዋ ኪስ፣ ያቺ የምፈራት፣ በአዲሱም ኮት ላይ አለች። ጋሼ በሚገባ ከሠሯት በኋላ አፏን በነጭ ክር ሳሳ አድርገው ሸልለውታል። ሳይፈቱት ረስተውት መስሎኝ ስጠቁማቸው "አልረሳሁም። አንተ በጣትህ ስትስበው ይበጠሳል፤ መቀስ አይፈልግም" አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልደት ላይ ከመውጣቴ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳብ ሳብ አደረግኩት። ከአራቱ ስፌት ሁለቱ ተበጥሰዋል።