ሁሉም ይሠራል ያሉኝ ሰዓት፦ አሥራ አንድ ወር ከካሲዮ ሲኤ-90 ጋር

ሰባትን መታሁ። ሦስትን መታሁ። ሰባትና ሦስት አሥር ነው። አሥር ሲሞላ ደግሞ ከቁጥሮቹ መሀል ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤን ብቅ ትላለች። ትልቁ ነጥብ እሷ ጋ ነው። ማነጣጠሪያውን እየተጫንኩ ኤን ላይ አደረስኩት። መተኮሻውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። በጥፍሬ፣ በአውራ ጣቴ፣ በብዕር ጫፍ ሞከርኩ። ቁጥሮቹ ተግተልትለው መጥተው ዋጡኝ።

ችግሩ ይኼው ነው። ሰዓቴ አይተኩስም።

የዚህ ሰዓት ባለቤት ከሆንኩ አሥራ አንድ ወር ሞላኝ። ሰዓት ይቆጥራል። ማንቂያው ይጮኻል። ካልኩሌተሩ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ስለነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ 140 ዶላር ያወጣሁት ለነሱ ብዬ አይደለም። ያወጣሁት ለጨዋታው ነው። ሻጩም ማስታወቂያው ላይ ሁለት ቃል ጽፎ ነበር፦ «ሁሉም ይሠራል።»

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። በፈረንጆቹ 1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስን አወጣ። ከላይ የሚወርዱ ፍጡራንን ከታች ሆኖ መተኮስ ነው። ዓለም አበደለት። ካሲዮ ደግሞ የካልኩሌተር ኩባንያ ነበር። የካልኩሌተር መስታወት ፍጡር መሣል አይችልም። ያለው የስምንትን ቅርጽ የሚሠሩ ሰባት ጭረቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱን ስታበራ ሌላውን ስታጠፋ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ይወጣልሃል። ታዲያ ምን አደረጉ? ቁጥሮቹን ራሳቸውን ጠላት አደረጓቸው! በ1980 ኤምጂ-880 በሚባል ካልኩሌተር ላይ አወጡት። ብዙም ሳይቆይ ሲኤ-90 ሆኖ እጅ ላይ ታሰረ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቁጥሮች ከቀኝ እየተሰለፉ ወደ ግራ ይመጡብሃል። ግራ ጫፍ ላይ ያለችው ቁጥር ያንተ ናት። አንዱ ቁልፍ እሷን ይቀይራል፣ አንዱ ይተኩሳል። የመጣብህ አራት ከሆነ ያንተንም አራት አድርገህ ትተኩሳለህ፣ ይጠፋል። ከሩቅ ከመታኸው ነጥቡ ይበልጣል። የመታሃቸው ቁጥሮች ድምር በአሥር የሚካፈል ሲሆን ያቺ ኤን ትመጣለች። ስለዚህ እየተኮስክ በሆድህ ትደምራለህ። ስምንት መታሁ፣ ሁለት ያስፈልገኛል፣ ሁለት የለም፣ አምስት ልምታና አሥራ ሦስት ላድርገው፣ ከዚያ ሰባት ልጠብቅ... ቀልድ የሚመስለው ላልጀመረው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከልጅነቴ ነው። አጎቴ ባሕረኛ ነበር፣ በኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ላይ። ከአሰብ በመጣ ቁጥር የጉለሌ ልጆች በራችን ላይ ይሰለፋሉ። ለከረሜላ አይደለም፣ ለእጁ ነው። ሰዓቱን አውልቆ አይሰጥም። ደረጃው ላይ ይቀመጥና ደም እንደሚሰጥ ሰው እጁን ዘርግቶ ጋዜጣውን ያነባል። እኛ በየተራ እጁ ላይ ተደፍተን እንጫወታለን። ተራህ የሚያልፈው ስትሞት ነው። ሞቼም አልሞትኩም የሚል አይጠፋም፤ በዚያ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። እናቴ ከውስጥ ሆና «የሰው እጅ ልትነቅሉ ነው እንዴ!» ትላለች። አጎቴ ገጹን በሌላኛው እጁ ይገልጣል።

ያ ሰዓት የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ይህኛው የተግባር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስማርት የሚባሉት ሰዓቶችም ክልክል ናቸው። ይህን ሰዓት ያሰርኩ ቀን ጥበቃው እጄን ይዞ አገላበጠና «ካልኩሌተር ነው» ብሎ አሳለፈኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት አለችን። ሌላው ሰው ግድግዳ ያያል፣ እኔ ቁጥር እተኩሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሠራተኛ እዚያ መጋዘን ውስጥ አልነበረም።

በስድስተኛው ሳምንት መተኮሻው መስማት አቆመ።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ጣቴ የሳተ መሰለኝ። ቁልፎቹ የምስር ፍሬ ነው የሚያካክሉት፣ የእኔ ጣት ደግሞ ካርቶን ሲያነሳ የዋለ ጣት ነው። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማነጣጠሪያው አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም። መተኮሻው ብቻ ነው የሚያምፀው። እንዲያውም ያናደደኝ ይህ ነው። ጨዋታው በሙሉ ቢበላሽ ይሻለኝ ነበር። ጠላትህን በደንብ ታያለህ፣ በትክክል ታነጣጥራለህ፣ ድምሩን አስልተህ ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ሲበላህ ታያለህ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ከእኔ እጅ ሲወጣ ይሠራ ነበር» አለኝ። የመመለሻው ቀንም አልፏል።

እሺ ወንድሜ፣ «ሁሉም» ስትል ምን ማለትህ ነበር? ባትሪ አስገብተህ ቁጥር ሲበራ አየህ፣ ደስ አለህ፣ ፎቶ አነሳህ፣ አይደል? «የአርባ ዓመት ዕቃ ነው፣ ምን ጠበቅክ?» ትለኝ ይሆናል። አርባ ዓመቱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ራሴም ከዚያ በላይ ነኝ፣ የማይሠራ ነገር አለኝ። ግን እኔ ራሴን «ሁሉም ይሠራል» ብዬ አልሸጥኩም። «መተኮሻው አንዳንዴ ይሰንፋል» ብትለኝ እኮ እገዛው ነበር። መቶ ብር... መቶ ዶላር ብዬ እከራከርህ ነበር እንጂ እገዛው ነበር።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ካልኩሌተሩን ከፍቶ መስመሩን በሙሉ በስምንት ሞልቶ ፎቶ ይላክላችሁ። ከሰባቱ ጭረቶች አንዷ ከሞተች ስምንቱ ስድስት ወይም ዘጠኝ ወይም ዜሮ ይመስላል። ሰዓት ስታዩበት ላይታወቃችሁ ይችላል። ጨዋታው ላይ ግን ስምንቱን ስድስት ነው ብላችሁ ስትተኩሱ ትሞታላችሁ። ሁለተኛ፣ መተኮሻውን ሃያ ጊዜ ሲጫን በቪዲዮ ያሳያችሁ። ሃያ ጊዜ። አምስት ጊዜማ የእኔም ይተኩሳል።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሰዓቱን ይዤ። አንድ ሰዓት ሠሪ ጠቆሙኝ፤ ድሮ ፒያሳ የነበሩ፣ አሁን መርካቶ ውስጥ አንድ ጠባብ መስኮት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«አይተኩስም፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ምን አልከኝ?»

«ጨዋታ አለው። ቁጥር ይተኮሳል። የመተኮሻው ቁልፍ ነው እንቢ ያለው።»

«ልጄ፣ ሰዓት ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይቆማል። አልተኮሰልኝም ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ጀርባውን ከፈቱት። ቁልፉ ሲጫን የሚነካካበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነገር ጉም መስሎ ተኝቷል። አሮጌ ባትሪ ያፈሰሰው ነው፣ እኔ ሳልገዛው በፊት። በኛው ሻጭ ቋንቋ ይህም «ሁሉም» ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ላጲስ በምላጭ ቀጭን አድርገው ቆረጡና በእሱ ፈገፈጉት። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክረው ጠረጉት። አንድም አዲስ ዕቃ አልገባም። አራት መቶ ብር።

ዘጉትና «እስኪ እንየው» አሉ። አጨዋወቱን አሳየኋቸው። ሞቱ። «ቆይ አንዴ» አሉ። ሞቱ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሟል። «ቆይ አንዴ» አሉ እንደገና። በሦስተኛው ሰባትና ሦስትን መትተው ኤኗ ስትመጣ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ እስክመልስላቸው ሞቱ።

ሰዓቱን ሲሞሉት በእኛ አቆጣጠር ሞሉት። አንድ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዲጂታል ሰዓት ቀን የሚቀይረው ከሁለቱ አሥራ ሁለት ሰዓቶች በአንደኛው ላይ ነው። ፈረንጅ ጋ ያ እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ከሞላኸው፣ ቀንና ሌሊቱን ካላምታታህ፣ ንጋት ላይ ይሆናል። ቀኑ ሲነጋ ይቀየራል ማለት ነው፣ እንደሚገባው። ካሲዮ በ1974 የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓቱን ካሲዮትሮንን ሲያወጣ የኮራበት ነገር ወሩ 30 ይሁን 31 ራሱ ማወቁ ነበር። ጳጉሜን ግን አያውቃትም። ለማንኛውም ዱላስ አውሮፕላን ማረፊያ እስክደርስ አልነካሁትም።

ከዚያ ጀምሮ እመዘግባለሁ። ሃያ ጊዜ ትክክል አነጣጥሬ እተኩሳለሁ። ቁጥሩ ከጠፋ ተኩሷል፣ ካልጠፋ አልተኮሰም። ከመርካቶ በወጣሁ ቀን ሃያ ከሃያ ነበር። ከወር በኋላም ሃያ። በሁለተኛው ወር አሥራ ዘጠኝ፤ ይህቺን በብርድ አመካኘኋት። በሦስተኛው አሥራ ሰባት። አሁን አሥራ አራት ላይ ነን።

ባለቤቴ «አዲስ አትገዛም ወይ?» ትለኛለች። የትኛውን? ካሲዮ ሲኤ-53 የሚባል ካልኩሌተር ሰዓት ዛሬም ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጨዋታ የለውም። በ2021 ፓክማን የሚባለው የድሮ ጨዋታ ሥዕል ያለበት ሰዓት አወጡ። ሥዕሉ አለ፣ ጨዋታው የለም! ድስት ሥለህ ወጥ እንደመከልከል ነው። ያውም ጨዋታውን ረስተውት አይደለም። በ2017 ኤስኤል-880 ብለው የድሮውን የቁጥር ጨዋታ በካልኩሌተር ላይ መልሰው አውጥተውታል። እሱን ግዛ የሚሉኝ አሉ። ካልኩሌተር እጅ ላይ አይታሰርም። ጥበቃውም ኪሴ ውስጥ ሲያገኘው «ሰዓት ነው» ብሎ አያሳልፈኝም።

ሌላው የሚነሳው የኔልሶኒክ ሰዓት ነው። የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ በ1989 በጃፓኑ የጨዋታ ኩባንያ በኔንቲዶ ፈቃድ የማሪዮና የዜልዳ የጨዋታ ሰዓቶችን አወጣ። ያምራሉ። ግን እንደዚያ ዓይነት መስታወት ላይ ሥዕሉ ቀድሞ በየቦታው ታትሞ ያለቀ ነው፤ ሰውዬው አይራመድም፣ እዚህ ጠፍቶ እዚያ ይበራል። የእኔዎቹ ቁጥሮች ቢያንስ ያልሆኑትን ነን አይሉም።

መጋዘኑ ውስጥ ጨዋታውን የለመደ አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ አለ። እረፍት ላይ መጥቶ እጄን ይይዛል። አላወልቅለትም። የመተኮሻውን ነገር ነግሬዋለሁ፤ እሱ ከታችኛው ግራ ጥግ በጥፍር ስትጫነው ይሻላል ይላል። እውነቱን ነው፣ ከሃያው አሥራ ስድስት ያገኛል። የገዛ ሰዓቴን ከእኔ የተሻለ ይተኩስበታል፣ ይህም ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት በንዴት ልሸጠው ወሰንኩ። ፎቶ አነሳሁት። መስመሩን በስምንት ሞልቼ አነሳሁት። ዋጋ 160 አልኩ፣ የመርካቶው ጥገና አለበት። ከዚያ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ሁለቱ ቃላት ጣቴ ላይ መጡ። መጡ ነው የምላችሁ። ብጽፋቸው በማግስቱ ይሸጣል፣ ገዢውም ለአምስት ሳምንት ደስ ይለዋል።

«ከሃያ ጊዜ አሥራ አራቱን ይተኩሳል፤ ከታች በግራ በኩል በጥፍር ከተጫኑት አሥራ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ።

እስካሁን የጠየቀ የለም። ሰዓቱ እጄ ላይ ነው።