ገርጂ ያለው ጌም ቤት፦ ወንበሩ ጥሩ፣ ዳኛው የለም

ባለፈው ቅዳሜ ገርጂ አካባቢ የተከፈተ አንድ ጌም ቤት ያዘጋጀው የፊፋ (የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም) ውድድር ላይ ተጫውቼ ነበር። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል፤ እኛ ግን ፊፋ ማለት አልተውንም፣ የምንተውም አይመስለኝም። የቤቱን ስም አልጠራም። ልጆቹ ገና ጀማሪ ናቸው፣ የማማርርባቸውም ነገር ቢፈልጉ በአንድ ሳምንት የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ላውራ። ያደግንበት የሰፈር ጌም ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰው፣ ከኋላህ ቆሞ «አቀብለው እንጂ! አቀብለው!» እያለ የሚጮህ ተራ ጠባቂ፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ይሄኛው ከዚያ ጋር አይገናኝም። ስምንት ፕሌይስቴሽን 5 ደርድረዋል፣ ወንበሩ ወገብ ይደግፋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት ስክሪኑን ነው። ግድግዳ የሚያክል ቲቪ አልሰቀሉም፣ ለጌም የተሠራ ትንሽ ሞኒተር ነው ያስቀመጡት። ሰው ቲቪው ሲተልቅ ጨዋታው የሚያምር ይመስለዋል። ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብር ጊዜ ይፈጅበታል፣ አንተ ቁልፉን ስትጫንና ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው፣ አንዷ ምስል 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትቆያለች፤ ቲቪህ አምስት ስድስት ምስል ወደ ኋላ ከቀረ ታክል ስትገባ ኳሱ ሄዷል ማለት ነው፣ ከዚያ «እኔ ተጭኛለሁ እኮ!» እያልክ ትምላለህ። (ቤታችሁ ቲቪ ላይ የምትጫወቱ ከቲቪው ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩት። ብዙ ይለውጣል።)

አሁን ወደ ጆይስቲኩ። እኔ የደረሰኝ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የጆይስቲኩ የግራው ዘንግ ተበልቷል፤ ሳልነካው ተጫዋቼ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል። ይቀየርልኝ ስል አስተናጋጁ «እሱ ነው ያለው ብሮ» አለኝ። የራሴን ላምጣ ብዬ ቀድሜ ደውዬም ነበር፣ «አይቻልም፣ ሁሉም በእኛ ነው የሚጫወተው» ተብያለሁ። ትልልቅ ውድድሮች ላይ ሰው የራሱን ጆይስቲክ፣ የራሱን ኪቦርድና ማውስ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ዳኛ ያየዋል፣ ይሰካል፣ አለቀ። ሯጭን ጫማህን አውልቅና የኛን አድርግ እንደማለት እኮ ነው፣ ያውም የተቀደደውን።

እና ዋናው ጉዳይ። መግቢያ 200 ብር ከፍለን 32 ሰው ገባን። ሁለቱን ዙር አለፍኩ። ሩብ ፍጻሜ ላይ 2 ለ 1 እየመራሁ 70ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ የማንም ጥፋት አይደለም፣ አዲስ አበባ ነን። ጄኔሬተሩም ቶሎ ተነሳ። ባለቤቱ ግን መጥቶ «ከዜሮ ጀምሩ» አለ። ውጤቱስ? «ከዜሮ!» ሕጉ የት ተጻፈ? የትም። ተጋጣሚዬ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚውል ልጅ ነው፣ ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው። ሌላ ቦታ እንዲህ ሲሆን ውጤቱ ተይዞ የቀረው ደቂቃ ብቻ ይጫወታል፣ ይህም ውድድሩ ሳይጀመር ለሁሉም ይነገራል። እኛ እንደገና ጀመርን፣ 1 ለ 1 ወጣን፣ በፔናሊቲ ወደቅኩ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ይሄን የምጽፈውም ትንሽ በንዴት ነው።

አጎቴ ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። መኪና ውስጥ ገብተን ስነጫነጭ፣

«አንተ ልጅ፣ ተቀምጣችሁ ጣት ስታንቀሳቅሱ ውላችሁ ስፖርት ትሉታላችሁ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ኢላማ ተኩስም ኦሎምፒክ ውስጥ አለ እኮ።»

«ቆመው ነዋ የሚተኩሱት!»

«ተኝተውም ይተኩሳሉ።»

ዝም አለ። ከዚያ ስለ ኮሪያዊው የጌም ተጫዋች ፌከር ነገርኩት። ቻይና ሀንግዡ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ኢ-ስፖርት (የቪዲዮ ጌም ውድድር) እንደ ሩጫውና እንደ ዋናው ሜዳሊያ ተሰጥቶበታል። የደቡብ ኮሪያ ልጆች ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በሚባለው ጌም ወርቅ ወሰዱ፣ ፌከርም ከቡድኑ ጋር እዚያ ለወንዶች ግዴታ ከሆነው ወታደራዊ አገልግሎት ነፃ ወጣ። ወታደርነቱ አጎቴን ነካው፣ «ለጌም?» ብሎ ዞሮ አየኝ። ገንዘቡንም ጨመርኩለት፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ቡካሬስት ላይ የተደረገው ዶታ 2 የሚባለው ጌም ውድድር አጠቃላይ ሽልማት 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ያሸነፉት የቲም ስፒሪት ልጆች ብቻቸውን ከ18 ሚሊዮን በላይ ወሰዱ። ገንዘቡ ግን እንደ ወታደሩ አላስደነገጠውም። «ቁማርም ገንዘብ አለው» አለ። እዚህ ጋ እውነቱን ነው፣ መልስ አጣሁ።

እኔ እንኳ ገርጂ የተናደድኩት ስፖርት ስለሆነ ነው። የሰፈሩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ እየሳቅን ወጥተን ሻይ እንጠጣ ነበር፣ ማንም አልተከራከረም። መግቢያ አስከፍለህ፣ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ፣ ለአሸናፊ 3,000 ብር አዘጋጅተህ ስታበቃ ግን የተጻፈ ሕግና የቤቱ ሰው ያልሆነ አንድ ዳኛ ያስፈልግሃል። ኢንተርኔቱ እንኳን ሰበብ አይሆንም፣ ሁለታችንም አንድ ማሽን ላይ ነው የተጫወትነው። የእያንዳንዱን አጋማሽ ርዝመትም ቢሆን ከ6 ደቂቃ ወደ 4 ያሳጠሩት ቶሎ ለመጨረስ ነው፤ በ4 ደቂቃ ውስጥ ቀድሞ ያገባ ሰው ኳሷን ይዞ ተከላካዮቹ መሀል ሲያመላልሳት ጨዋታው ያልቃል።

ለመዝናናት ከሆነ ሂዱ፣ ጓደኛ ይዛችሁ በተለይ በሥራ ቀን። ጠዋት ሰው የለም፣ ጸጥ ያለ ነው፣ አስተናጋጆቹም ትሁት ናቸው። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ብቻ አትቀመጡ። ለውድድር ከሆነ ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት «መብራት ቢሄድስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በቴሌግራም ጽፈው ይላኩላችሁ። የሚቀጥለው ውድድር ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ብለዋል። እኔ ተመዝግቤያለሁ። አጎቴም መጥቼ አያለሁ ብሏል፣ ማን ዳኛ እንደሆነ ካሁኑ እየጠየቀኝ ነው።