ያገለገለ የሃይሉክስ ኮንታኪሎሜትር፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ኪሎሜትሩ ከተስተካከለ

ለቆየችው ሃይሉክስ (ኤል ኤን 106፣ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር) ከሌላ መኪና የወረደ ሙሉ ኮንታኪሎሜትር (ፍጥነት፣ የተነዳ ኪሎሜትር፣ ሙቀትና ነዳጅ የሚያሳየው የዳሽቦርድ ዕቃ) መግዛት ያዋጣል። ሁለት ነገር ግን መረጋገጥ አለበት፦ ዕቃው ከናፍጣ መኪና የወረደ መሆኑና የሚያነበው ኪሎሜትር ከአሮጌው ጋር መግጠሙ።

ከመግዛት በፊት የሞተው ምን እንደሆነ ይለይ። የፍጥነቱ ቀስትም የኪሎሜትሩ ቁጥርም አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ወደ ቆጣሪው የሚመጣው ኬብል ወይም ካምቢዮው ላይ ያለችው ጥርስ ነው፤ ዳሽቦርዱ ምንም አልሆነም። ቀስቱ እየሠራ ቁጥሩ ከቆመ ውስጥ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብራለች። ቀስቱ የሚዘል ከሆነ ኬብሉ ደርቋል ወይም ታጥፏል። ግራሶ በስሱ ይቀባል፤ ከበዛ ሽቅብ ወጥቶ ቆጣሪው ውስጥ ይገባና ቀስቱን ይይዘዋል።

ዕቃው በእጅ ሲያዝ መጀመሪያ መብራቶቹ ይታዩ። የናፍጣው የካንዴላ ማሞቂያና የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮላዎቹን እንቅስቃሴ ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ምልክት አለው፤ የቤንዚኑ የለውም። ቀጥሎ ጀርባው ላይ የተለጠፈው የመዳብ መስመር፣ በተለይ ሶኬቱ የሚሰካበት ጠርዝ፣ አለመቀደዱ ይረጋገጥ። በማይል የሚቆጥር ከሆነ ይተው፤ 100 ማይል 161 ኪሎሜትር ገደማ ነውና ሒሳቡ ሁልጊዜ ያስቸግራል።

መግጠሙ ቀላል ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ይፈታል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይነሳል፣ የያዙት ብሎኖች ይፈታሉ። ከዚያ ዕቃው በኃይል አይጎተትም። ኬብሉን ከሞተር በኩል ትንሽ ገፍቶ፣ ከኋላ እጅ አስገብቶ መያዣውን ተጭኖ ማላቀቅ ነው። የመዳብ መስመሩ የሚቀደደው እዚህ ላይ ሲቸኮል ነው።

ዋናው ጉዳይ ኪሎሜትሩ ነው። ይህ ሞተር ታይሚንጉ በቺንጋ የሚዞር ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስቶን ይጋጫሉ። በየ100,000 ኪሎሜትሩ የቺንጋዋን መብራት የሚያበራው ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ነው። ቺንጋው በ200,000 ተቀይሮ መኪናዋ አሁን 284,600 ላይ ናት እንበል፤ የቀራት 15,400 ነው። የተገዛው 142,000 እያነበበ ዝም ብሎ ከተገጠመ መብራቱ የሚበራው ገና 58,000 ተነድቶ ነው፤ ያኔ ቺንጋው 142,600 ኪሎሜትር ሠርቷል።

ስለዚህ የድሮው ቆጣሪ ደህና ከሆነና የተበላሸው ሌላ ጌጅ ከሆነ፣ ቆጣሪውን ብቻ ፈቶ ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር ከሁሉ ይበልጣል። እውነተኛው ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ይህ ካልተቻለ ቁጥሮቹ የተደረደሩበት ዘንግ ወጥቶ ወደ አሮጌው ንባብ ይስተካከላል። ባለሙያው ቀስቱን መንቀል የለበትም፤ ከተነቀለ ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ አይታመንም። በቁጥሮቹ መሀል ያሉት ትናንሽ ጥርሶች በአንዲት ካለፉ ደግሞ ቁጥሩ ግማሽ ሆኖ ይታያል፣ ከ9 ወደ 0 ሲዞርም ይነክሳል። ሁሉም በአንድ መስመር ካልቆሙ ሥራውን አይረከቡ። «ዝቅ ላድርግልህ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመ ዕቃውን ይዞ መውጣት ነው፤ የሚታለለው ቀጣዩ ገዢ ብቻ ሳይሆን ቺንጋውም ነው። የአሮጌውና የተገዛው ንባብ፣ ቀኑም በሰርቪስ ደብተሩ ላይ ይጻፉ፣ በወረቀትም ዳሽቦርዱ ጀርባ ይለጠፉ።

የሙቀት ጌጁ ሳይፈተሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መጀመር አይገባም። ጌጁ ከዋሸ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተቃጥሎ ነው የሚታወቀው። ሞተሩ ላይ ያለው የሙቀት ሴንሰር ሽቦ ይነቀልና በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ከቦዲ ጋር ይገናኝ፤ ቀስቱ ወደ ሙቅ መውጣት አለበት። አምፖሉ መሀል የሚገባው ጌጁ እንዳይቃጠል ነው። የነዳጁም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል፤ እሱ ወደ ሙሉ ይወጣል።

የርቀቱ ፍተሻ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው መንገድ፣ 10 ኪሎሜትር ያህል ከስልክ ጂፒኤስ ጋር በማስተያየት ይደረግ። የሐረጎ ጥምዝምዝ ለዚህ አይሆንም፤ ስልኩ መታጠፊያዎቹን ስለሚቆርጥ ርቀቱን ያሳንሳል። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ከተለቀ ቆጣሪው ከእውነቱ በታች ይቆጥራል፤ ይህ የኮንታኪሎሜትሩ ጥፋት ስላልሆነ ሻጩ ጋር አያመላልስም።