ጆጉ ሁሌ ሙሉ ነበር (አክስቴን 4 ወር ያስቀመጥንበት የአረጋውያን ቤት፣ ጅማ)

ከ5 ኮከብ 2 ነው የምሰጠው፣ አንዱ ለምግቡ (ሽሮው እውነትም ይጥማል)፣ አንዱ ደግሞ እዛ ለምትሰራ አንዲት ልጅ፣ እሷን በኋላ እነግራችኋለሁ። ስሙን አልፅፍም፣ ጅማ ትንሽ ናት፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ ናት፣ 78 ዓመቷ ነው፣ አምና ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እኔም ባለቤቴም ስራ ውለን ነው የምንገባው፣ ሰራተኛ ቀጥረን ነበር ግን ማንሳቱ ከበዳትና በ2 ሳምንቷ ጥላን ሄደች። «አሳዳጊያቸውን ለሰው ሰጡ» እንዳንባል ፈርተን ብዙ ካመነታን በኋላ ነው እንግዲህ የወሰድናት።

ግቢው ፅድት ያለ ነው፣ በረንዳው ላይ የጅማ በርጩማ ተደርድሮ ቡና ይፈላል፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ስንሄድ እቴቴ ታጥባ ነጠላዋን ለብሳ ነው የምናገኛት። አጠገቧ ያለው የውሃ ጆግ ሁሌ ሙሉ ነው፣ እኔ ሞኙ እንደውም ለባለቤቴ «አየሽ፣ ውሃ እንኳ አያስጨርሷትም» እያልኩ አደንቅ ነበር። እንዴት ነሽ ስንላት ያው «ይመስገን ልጄ፣ ምን ጎሎብኝ» ነው መልሷ።

ሐምሌ ላይ አንድ ማክሰኞ 11 ሰዓት አካባቢ ከጅማ መርካቶ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና እግረ መንገዴን ልያት ብዬ ገባሁ። ጥበቃው «ዛሬ እኮ የጥየቃ ቀን አይደለም» ብሎ በር ላይ 20 ደቂቃ አቆመኝ። ስገባ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጆጉ እንደተለመደው ሙሉ ነው። ከዛ ነው ያየሁት፣ ጆጉ ያለው በግራዋ ነው! በማይንቀሳቀሰው እጇ በኩል! ለካ ጆጉ የማይጎድለው እሷ ስለማትደርስበት የሚያጠጣትም ስለሌለ ነው። ቀድቼ ስሰጣት ትንፋሽ እየወሰደች ሁለት ብርጭቆ ጨረሰች።

ልወጣ ስል ያቺ ያልኳችሁ ልጅ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብላ «የእማማን ተረከዝ እዩላቸው» አለችኝና አለፈች። ተመልሼ ብርድ ልብሱን ስገልጠው ተረከዟ ጠቁሯል፣ ወገቧ ስር ያለውማ ተከፍቶ ይሸታል። በዚያው ማታ ሀኪም ቤት ወሰድናት። ነርሷ የአልጋ ቁስል ነው አለችን፣ ሰው አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሲተኛ የራሱ ክብደት ደሙን ይዘጋና ቆዳው ይሞታል፣ ጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። ደግሞ በኛ ቆዳ ላይ ይቀላል ብለህ ብትጠብቅ ያመልጥሃል፣ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካለ እሱ ነው አለችኝ። የእቴቴ ሽንት ውሃ ከማጣት የተነሳ ያለ ወተት የተቀዳ ወፍራም ሻይ ነበር የሚመስለው። ከዛ በፊት ለ2 ሳምንት ስም ስታምታታ እነሱ «እርጅና ነው» ብለውን አምነን ነበር፣ ግሉኮስ ተሰቅሎላት በማግስቱ በስሜ ጠራችኝ። እርጅናው በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው?

ለምን አልነገርሽኝም ስላት ምን አለች መሰላችሁ፣ «አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ ከነሱ ጋር ነው የማድረው።»

ቀጣዩ ክፍል ያሉት አባባ ደግሞ ሁለቱም የእጅ አንጓቸው ላይ ዙሪያውን የተላጠ ምልክት አለ፣ ስጠይቅ «ወድቀው ነው» ተባልኩ። ወድቆ ሁለት አንጓውን እኩል የሚላጥ ሰው እኔ አላየሁም። ልጃቸውን አፈላልጌ ደውዬለታለሁ፣ እኛም ለሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ፅፈን አስገብተናል።

ልጅቷን ግን አትፍረዱባት (አሁን ለቃለች፣ ስለዚህ መፃፌ አይጎዳትም)። ማታ ለ14 ሰው ብቻዋን ናት፣ 6ቱ ከአልጋ የማይነሱ ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ እነሱን ብቻ ስታገላብጥ ብታድር ሌላውን ማን ሽንት ቤት ይውሰድ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእንዲህ ያለ ቤት ከሚሰሩ 3 ሰዎች 2ቱ ባለፈው አንድ ዓመት በደል ፈፅመናል ብለው ራሳቸው ተናግረዋል፣ እና ይሄ ሁሉ ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ጥፋቱ ያለው በአንድ ልጅ ሌሊቱን ሸፍኖ የሁሉንም ክፍያ የሚሰበስበው ጋ ነው። ባለቤቱን የማገላበጫ መዝገብ ካላችሁ አሳዩኝ ስለው ቡና አዘዘልኝ።

ሰው ልታስገቡ ካሰባችሁ ወይም ካስገባችሁ እሁድን ተዉትና ባልተጠበቀ ሰዓት ሂዱ፣ ማታም ቢሆን፣ ካልሲውን አውልቃችሁ እዩ፣ ማታ ስንት ሰው ነው የሚያድረው ብላችሁ ጠይቁ። በር ላይ ካቆሟችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ወሩ ሳይሞላ ስላወጣናት የ11 ቀን ብር ይመለስልን ብለን ነበር፣ ደንባችን አይፈቅድም አሉ። ጆጉን ግን ሰጡን፣ ከቤት የወሰድነው የራሳችን ነበር። አሁን በቀኟ ነው ያለው፣ በቀን ሁለቴ እንሞላዋለን።