የሳንባ ካንሰር ህክምና ጎንደር ላይ፦ ሀኪሞቹ አሪፍ፣ መሀል ያለው መንገድ ግን...

አባዬ ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ጎንደር ውስጥ ስመላለስ ከረምኩ፣ ስም አልጠራም ግን ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አዘዞ አንድ ክሊኒክ ሄድን፣ አንቲባዮቲክ ሰጡት፣ አልሻል ሲለው የአክታ ምርመራው ነጌቲቭ ሆኖ እያለ ቲቢ ነው ብለው መድሃኒት አስጀመሩት። ሳሉም ክብደት መቀነሱም ደም የቀላቀለ አክታውም ሁለቱም በሽታ ላይ ስላለ መምታታቱ ይገባኛል፣ ግን ሁለት ወር ለውጥ ሳይኖር የደረት ራጅ እንኳ አለማዘዝ ምን ይሉታል? 1 ኮከብ፣ እሷም ለዘበኛው ናት፣ ሁሌ ለአባዬ ወንበር ያመጣለት ነበር።

ሪፈር የተጻፈልን ቦታ የሳንባ ስፔሻሊስቱ ሲቲ ስካኑን እያየ "አባባ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?" አለው፣ አባዬ አንገቱን ደፍቶ "ውትድርና እያለሁ" አለ። አልተቆጣውም። ብሮንኮስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የአየር ቧንቧውን አይቶ ናሙና መውሰድ እንደሆነ ወረቀት ላይ ስሎ አስረዳን፣ እጢው ወደ ዳር ቢሆን ኖሮ ራዲዮሎጂስቱ (የራጅና የሲቲ ሀኪሙ) በሲቲ እያየ በመርፌ ከደረቱ ይወስድ ነበር አለን። 5 ኮከብ።

ናሙናውን ማን ፓቶሎጂ (ስጋው በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) እንዳደረሰው ገምቱ፣ እኔ። ፎርማሊን ውስጥ የገባች የሩዝ ፍሬ የምታክል ስጋ፣ ባጃጁ ኮረኮንች ላይ ሲነጥር ብልቃጡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ክዳኑን በአውራ ጣቴ ተጭኜ። ፓቶሎጂስቱን በአይኔ አላየሁትም ግን ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ስሞል ሴል የሚባለው የሳንባ ካንሰር አይነት ነው ወይስ ሌላኛው የሚለውን ካልጻፈ ኦንኮሎጂስቷ (የካንሰር ሀኪሟ) መድሃኒት አትመርጥም። በሳምንት ይደርሳል የተባለው ሶስት ሳምንት ፈጀ፣ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ "ነገ ተመለሱ" ከማለት ሌላ ቃል የላትም። 2 ኮከብ፣ ለመስኮቷ።

የደረት ቀዶ ሀኪሙ አምስት ደቂቃ አናገረን፣ ወደ ጉበት ስለተዛመተ ሳንባውን ብቆርጠውም ትርፉ ስቃይ ነው አለ በቃ። ግልጽነቱን ወደድኩለት። አባዬ ኮሪደር ላይ ቆሞ "ቢላም ናቀኝ" ብሎ ሳቀ፣ እኔ አልቻልኩም።

ኬሞው (የካንሰር መድሃኒቱ) በየሶስት ሳምንቱ ነው፣ ኦንኮሎጂስቷ ደምና ኩላሊቱን ሳታይ አታስጀምርም፣ አንዴ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ መለሰችን፣ ያኔ ስንት ብር አውጥተን መጥተን ብዬ ተናደድኩ፣ በዛ ላይ ኬሞ ቢጨመርበት ትንሽ ኢንፌክሽን ሊወስደው ይችል እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። የጨረር ሀኪም ሌላ ነው፣ እሱን ገና አላየነውም፣ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ካመመው ያኔ እንልካችኋለን ብለዋል።

ከሁሉም ግን የህመም ማስታገሻ ክፍሏ ሲስተር። ጎረቤት ሁሉ ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ እያለ ሲያስፈራራን እሷ ሽሮፑን በየአራት ሰአቱ እንዴት እንደምንለካ አሳየችን፣ ሆድ ያደርቃል ብላ ማለስለሻውንም አብራ አስጻፈችልን። ማታ ትደውላለች፣ "አባባ እራት በሉ?" በልተዋል ካልኳት "ምን?" ትላለች።