መሬት ለምን ትሰምጣለች? ስለ አንድ የደለል ተፋሰሶች ኮርስ

ደለል ተፋሰሶችን (እየሰመጡ ደለል የሚከማችባቸውን ሰፊ ጎድጓዳ ቦታዎች) በቴክቶኒክ ሰሌዳዎች እንቅስቃሴ መሠረት እየመደበ ለነዳጅና ለተፈጥሮ ጋዝ ፍለጋ የሚያዘጋጀውን ይህን የኢንተርኔት ኮርስ በአራት ሳምንት ጨርሻለሁ። የጂኦሎጂ መነሻ ዕውቀት ላለው ሰው የታሰበ በመሆኑ፣ አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ ለማሳመን ጊዜ ሳያጠፋ በቀጥታ ወደ ዋናው ጥያቄ ይገባል፤ መሬት ለምን ትሰምጣለች?

የኮርሱ ምርጥ ክፍልም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። የምድር ሳይንቲስቱ ዳን ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው የመለጠጥ ሞዴል በኤክሴል ሠንጠረዥ ተሠርቶ የቀረበ ሲሆን፣ ተማሪው የመለጠጡን መጠን ከ1.2 እጥፍ ወደ 2 እጥፍ ከፍ ሲያደርገው የምድር ቅርፊት ይሳሳል፤ ተፋሰሱም መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ ደግሞ ከሥር የወጣው ሙቀት እየበረደ ሲሄድ በዝግታ ሲሰምጥ በግራፉ ላይ ይታያል። ምንጭ አለቱ (ዘይቱ የሚፈጠርበት አለት) ዘይት ወደሚያመነጭበት ሙቀት፣ ማለትም በግምት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ መቼ እንደሚደርስ ለማየት ቁጥሮቹን ስቀያይር አመሸሁ። ቀጥሎ የመጣው የሰሜን ባሕር ሳይዝሚክ ምስል (በድምፅ ሞገድ የተነሳ የከርሰ ምድር ምስል) ይህንኑ በዓይን ያሳያል፤ በጁራሲክ ዘመን ስምጥ ሲከፈት ያጋደሉት የአለት ብሎኮች በኋላ በተደረበው ደለል ተቀብረዋል። ምስሉን አትሜ ስንጥቆቹን በቀይ እርሳስ ሳሰምርባቸው ወጥመዱ (ዘይት ታግቶ የሚጠራቀምበት ቦታ) የት እንደሆነ ያለ አስረጂ ገባኝ።

ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲንሸራተቱ የሚፈጠሩት ተፋሰሶች ግን በጥቂት ደቂቃዎች ታልፈዋል፤ የሎስ አንጀለስ ተፋሰስ ትንሽ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ዘይት መስጠቱ ብቻውን አንድ ትምህርት ይወጣው ነበር።

ከሁሉ ያስከፋኝ ምደባውን እንደማይለወጥ ስም መያዙ ነው። ማጠቃለያ ፈተናው ላይ በኢራንና በኢራቅ ያለው የዛግሮስ ተፋሰስ ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ ተጠይቆ አንድ መልስ ብቻ ተፈቅዷል፤ እሱም በተራራ ክብደት ጎብጦ የሰመጠ የተራራ ግርጌ ተፋሰስ የሚል ነው። ዛሬ ያለው ገጽታ በእርግጥ ይኸው ነው። ሆኖም እንደ ካዝዱሚ ያለው ምንጭ አለት የተከማቸው የዓረብ ሰሌዳ ጠርዝ ገና ሰፊና ጸጥተኛ የባሕር ዳርቻ በነበረበት በክሪቴሺየስ ዘመን ነው። ዘይቱ የተጠራቀመበትን የአስማሪን ኖራ ድንጋይ አጥፎ ወጥመድ ያደረገው ግጭት የመጣው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። ነዳጅ ፈላጊው ሁለቱንም ዘመናት ካላወቀ ወጥመዱን አግኝቶ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሊያስረዳ አይችልም።

ስለዚህ ኮርሱን የምመክረው ስለ መስመጥ ለሚያስተምረው የመጀመሪያ አጋማሽ ሲባል ነው። የምደባውን ሠንጠረዥ የሚጠቀም ሰው ግን በእያንዳንዱ ተፋሰስ አጠገብ አንድ የዘመን ዓምድ በራሱ እጅ ቢጨምርበት ይሻላል።